በሩን ያልከፈተችው ሴትዮ

ይድረስ እንደ እናትም እንደ እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፤

ከሁሉ በፊት ጤናሽ እንዴት ነው? የግራ ጉልበትሽስ? ባለፈው ደረጃ ስትወጪ እንደ አሮጌ በር ሲጥጥ ይላል ብለሽኝ ነበር፤ ሐኪሙ የሰጠሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መስኮቱ ላይ ደርድረሽ ታዪዋለሽ? ዓይንሽስ? መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰክተሽ ቤቱን ሙሉ መፈለጉን ተውሽ? እኔ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ። ደህና የምትለው ቃል እንኳ አትበቃም፤ ሰሞኑን ብቻዬን መሳቅ ጀምሬአለሁ። ጎረቤቴ በአጥር ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ምን አገኘሽ አንቺ ሴትዮ?» አለችኝ። መጽሐፍ አንብቤ ነው አልኳት። እንዲህ የሚያስቅ ከሆነ አውሺኝ ብትለኝ፣ ኧረ መጽሐፉስ የሚያስለቅስ ነው ብያት ገባሁ። አሁን ለሰፈሩ ምን ብላ እንደምታወራ አንቺው ገምቺ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ስልክ ላይ ገና አፌን ስከፍት «ባጭሩ» ትይኛለሽ። ዕድሜ ልክሽን የተማሪ ድርሰት ስታርሚ ስለኖርሽ የሰው ወሬ ሁሉ የረዘመ ይመስልሻል። የዛሬው ነገር ደግሞ ባጭሩ የሚነገር አይደለም። ወረቀት ደግ ነው፤ እስክጨርስ ዝም ብሎ ይሰማኛል።

መጽሐፍሽን አነበብኩት። አዎ፣ ያንን። ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ በካኪ ወረቀት ለብጠሽ፣ «አንብቢው» ከምትል አንዲት ቃል በቀር ምንም ሳትጨምሪ የላክሽልኝን። እስከ ዛሬ ያላነበብኩት ሰንፌ እንዳይመስልሽ፤ ፈርቼው ነው። ልጅ ሆኜ ሳለቅስ «እሷ ብትሆን አታለቅስም» ትይኝ ነበር፤ ስስቅ «እሷ እንዲህ አትገለፍጥም» ትይኝ ነበር። ጽናት ማለት እሷ፣ ክብር ማለት እሷ። የመጽሐፉን ባለታሪክ ሳላውቃት እንደ ክፉ አክስት እፈራት ነበር። እንግዲህ ባሌን ቀብሬ ዓይኔ ሳይደርቅ እሷን ብትልኪልኝ፣ መልእክቱ ምን ማንበብ ያስፈልገዋል? እንደሷ ሁኚ፣ ቀሪ ዘመንሽን በክብር ተቀመጪ ማለትሽ ነው ብዬ መጽሐፉን ከአንሶላዎቹ ስር አስቀመጥኩት።

አሁን አንብቤዋለሁ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ አልወደድኩትም። ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይ፤ ብትቆጪ የሚጎዳው ጉልበትሽ ነው።

የፈራሁትን መጽሐፍ ዛሬ ለምን ከፈትሽው ካልሽኝ፣ ምክንያቱ ከግድግዳ ማዶ ነው። መጋረጃ የምንሰፋበት ቤትና የሶፋ ሠሪው ቤት የተለያዩት በስስ ጣውላ መሆኑን ነግሬሽ አውቃለሁ። የሶፋ ሠሪውንም ነግሬሽ ነበር፤ ያ «ጭምቱ» የምንለው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ሲያወራ ቃሉ የሚያልቅበት የሚመስለው። አንድ ቀን የምቀመጥበት በርጩማ እግሩ ተወላግዶ ሲያስቸግረኝ ሳይናገር መጥቶ ወሰደው። በማግስቱ እግሩን አቃንቶ፣ ላዩን ከጣልነው የአረንጓዴ መጋረጃ ቁራጭ አልብሶ መለሰልኝ። አመስግኜው ልቀመጥ ስል አልሄደም። ጎንበስ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ «ይኼ ለሥራሽ ነው» አለኝ፤ «ቤቴ ደግሞ ሁለት ወንበር አለ። አንዱ ላይ ማንም አይቀመጥም። ብትቀመጪበት ደስ ይለኛል» አለኝ።

እትዬ፣ እኔ ቃል ያጣሁበት ቀን ቢኖር ያ ነው። ለጊዜው የመጣልኝ «እኔ ከእህቴ ቃል አልወጣም» የሚለው ብቻ ነበር። እሱም አልከፋውም። «ጠይቂያት፤ ግድግዳው የትም አይሄድም፣ እኔም ከኋላው ነኝ» ብሎኝ ወደ መዶሻው ተመለሰ።

ልጠይቅሽ ስንት ጊዜ ስልክ አነሣሁ መሰለሽ። አንቺ «ባጭሩ» ስትይ ስለ ዝናቡ አውርቼ እዘጋዋለሁ። እኔን ያሳደገችኝ እናታችን አይደለችም፣ አንቺ ነሽ፤ ተቀይመሽኝ የምገባበት ቤት ቤት አይሆንልኝም። በመጨረሻ፣ እህቴን ከመጠየቅ መጽሐፏን ልጠይቅ ብዬ ከአንሶላው ስር አወጣሁት። የእህቴ ልብ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሴትዮዋ የምታደርገውን አይቼ መልሴን አገኛለሁ አልኩ።

ብቻዬን ላነብ ነበር፤ ግን የእኛን ቤት ታውቂዋለሽ። መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹ ይቆሙና ሁላችንም ወደ መስኮቱ ተጠግተን የመጋረጃ ጠርዝ በእጅ እንሰፋለን። ያኔ ማሽን ስለማይጮኽ እኔ አወራለሁ። አለቃችን መጽሐፉን ከቦርሳዬ ውስጥ አየችውና «ይቺ ሴትዮ ማውራቷ ካልቀረ የሚረባ ነገር ታንብብልን፤ የሷን ድርሻ እኛ እንሰፋለን» አለች። እንዲህ ሆኖ አንባቢ ሆንኩ።

መጀመሪያ ላይ ወደድነው፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። ኮረብታው ላይ ያለው ቤት፣ ባሏ የሞተባት ወጣት፣ በመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበሯ። በየክረምቱ ሊጠይቃት ኮረብታውን በእግሩ የሚወጣው ሐኪም። ግን መጋረጃ ሰፊ ሰብስቦ መጽሐፍ ማንበብ ጣጣ አለው። ደራሲው «ከባዱ የከፋይ መጋረጃ በለሰለሰው ነፋስ እንደ ሻሽ ተርገበገበ» የሚል ቦታ ስደርስ አለቃችን መርፌዋን አስቀመጠች።

«ከፋይ ነው ያልሽው?»

«ከፋይ ይላል።»

«ከፋይን የሚያርገበግብ ነፋስ ሴትዮዋንም ከነወንበሯ ይዟት ይሄዳል። እለፊው።»

አለፍኩት። ሳቂታ ደግሞ፣ ያቺ አዲስ ያገባችው ልጅ፣ ሴትዮዋ በየገጹ በረጅሙ ስትተነፍስ ትሰማና «አስም አለባት እንዴ? ሐኪሙን ለምን አታስመረምረውም፣ እዚያው ቆሞላት» ትላለች። እየሳቅን ስንት ጠርዝ አጣመምን። መብራት ሲመጣ ደስ ይለን የነበርን ሰዎች መብራት ሲመጣ ማጉረምረም ጀመርን።

አንድ ነገር ግን ከእኔ በቀር ማንም ልብ አላለም ነበር። እኔ ማንበብ ስጀምር ከግድግዳው ማዶ መዶሻው ዝም ይላል። ሳቆም ይጀምራል። በኋላማ ሁሉም ነቃ። አንድ ሰውዬ መጥቶ «ሶፋዬ ምነው ዘገየ?» ሲለው ጭምቱ «መብራት እየጠፋ ነዋ» ሲል ሰማነው። አለቃችን ክሩ ከአፏ እስኪወድቅ ሳቀች። «መዶሻ በመብራት መምታት የተጀመረው መቼ ነው?» ብላ ወደ ግድግዳው ጮኸች።  እኔ ፊቴን በመጽሐፉ ሸፈንኩ። እነሱ የሚሰሙት የኮረብታውን ሴትዮ ነው፤ እኔና እሱ ግን የምንሰማው ሌላ ነው። ሐኪሙ በዝናብ ኮረብታውን ሲወጣ ባነበብኩ ቁጥር፣ ከጣውላው ማዶ አንድ ሰው ትንፋሹን ይዞ እንደሚያዳምጥ አውቃለሁ። ድምፄን አሳምሬ ማንበብ ጀመርኩ፣ ምን ልደብቅሽ።

እንዲህ እያልን መጨረሻው ደረስን። ሐኪሙ በከባድ ዝናብ መጣ። በሩን አንኳኳ። «ዛሬ ካልከፈትሽልኝ አልመለስም» አላት። እሷም «ከወንበሯ ተነሣችና እጇን ዘርግታ»፣ ይልና፣ ገጹ አለቀ። ገለበጥኩት፤ የኋላ ሽፋኑ ነው። መጨረሻው የለም።

ያን ቀን የነበረውን ጫጫታ ብትሰሚ። አለቃችን መጽሐፉን ነጥቃኝ አራገፈችው። ያረጀ መጽሐፍ ነው፣ ገጹ ረግፎ የሆነ ቦታ ቀርቷል ተባለ። ግን እጇን ዘርግታ ምን አደረገች? ሳቂታ «ከፈተችለት እንጂ! ከፈተችለት፣ ፎጣ ሰጠችው፣ ሻይ አፈላችለት» አለች። አለቃችን «መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ ነው የምትለው፤ ኮረብታው ጭቃ ነው» አለች። ሲከራከሩ፣ እትዬ፣ ያ ሰው አንድም ቀን በግድግዳ ተናግሮ የማያውቀው፣ ከማዶ ሆኖ «ሰውዬው ብዙ ቆመ፤ ወንበር ስጡት» አለ።

 ከዚያ አለቃችን ቀስ ብላ ዞራ እኔን አየችኝ፤ በርጩማዬን አየችው፤ አረንጓዴውን ልብስ አየችው።  ከዚያ ክር ስትሰካ ፈገግ ብላ ነበር።

ጭምቱ በዕረፍቱ ቀን አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ሄዶ ሙሉውን ፈልጎ አመጣ። ጠረጴዛችን ላይ አኑሮ ወጣ። መብራቱ እስኪጠፋ አልጠበቅንም፤ አለቃችን ራሷ ማብሪያውን አጠፋችው። ያንን ገጽ ፈልጌ አነበብኩ። «ከወንበሯ ተነሣችና እጇን ዘርግታ መጋረጃውን ሳበችው።»

መጋረጃውን ሳበችው፣ እትዬ። ጨርሳ ዘጋችው። ከመጋረጃው ኋላ ሆና «ልቤ ከባሌ ጋር ተቀብሯል» አለችው። ሰውዬው በዝናቡ ኮረብታውን ወረደ፤ ታሞ ሞተ። እሷ እዚያው ወንበሯ ላይ አረጀች፣ እጇ መጋረጃው ላይ እንዳለ ሞተች። ይሁን፣ ሰው ያደርገዋል። እኔን ያናደደኝ ደራሲው ነው። ለሷ ምስጋና ይደረድራል፤ እንደ ዕብነ በረድ ጸናች፣ እንደ ሻማ ነደደች፣ ለሴቶች ሁሉ ምሳሌ ሆነች። ለሰውዬው አንዲት መስመር የለውም። ያ ሁሉ ገጽ፣ ያ ሁሉ ኮረብታ፣ ለዚህ? አንድ ሰው ጥሩ ምሳ አለ ብሎ ጠርቶሽ ባዶ ሳህን ቢያቀርብልሽና የሳህኑን አበባ አድንቂልኝ ቢልሽ ማለት ነው።

ሳቂታ መሳቅ አቃታት። አለቃችን ግን ዝም አላለችም። «እኔ ዕድሜዬን መጋረጃ ሰፍቻለሁ» አለች፤ «መጋረጃ የሚሰፋው ፀሐይ እንዳይገባ ነው። ሰው እንዳይገባ የሚሠራው በር ነው፤ ለሱም ቢሆን ማጠፊያ ያደርጉለታል።» ከግድግዳው ማዶ መዶሻው ሳልጨርስ ጀምሮ ነበር። ቀስ እያለ፣ አንድ፣ ከዚያ ቆይቶ አንድ። እንደዚያ ሲመታ ሰምቼው አላውቅም።

ቤቴ ገብቼ በጣም አዘንኩብሽ። ለካ ይህን ነው የላክሽልኝ ብዬ። መጋረጃሽን ሳቢ ነው ያልሽኝ ብዬ። አዝኜም ግን ከቃልሽ ልወጣ አልቻልኩም። መጽሐፍሽን ልመልስልሽ፣ «እሺ፣ እንዳልሽው» ብዬ ልጽፍልሽ፣ ለሱም አይሆንም ልለው ወሰንኩ። በማግስቱ መጽሐፍሽን ታቅፌ ሶፋ የሚሠራበት ቤት ገባሁ። የምለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነው የሄድኩት።

እሱ ግን ፊቴን ሳይሆን መጽሐፉን ነው ያየው። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ካኪው ተቀዳዷል፣ ጀርባው ተላቅቋል። «የሰው ዕቃ እንዲህ ሆኖ አይመለስም፤ ልጠግነው» አለኝና ሳልመልስለት ተቀበለኝ። አይሆንም ልል የመጣሁ ሴት ቆሜ ሲጠግን አያለሁ። በቢላዋው ጫፍ የካኪውን እጥፋት ከኋላ ሽፋኑ ላይ ቀስ አድርጎ ላቀቀው። በሙጫ ድፍን ተደርጎ ተለጥፎ ነበር። ከስሩ የገጾች ጉራጅ ወጣ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ጉራጅ።

«አልረገፈም» አለኝ፣ «ተቆርጧል።» ከዚያ ጠጋ ብሎ አየና «ምን ዓይነት ነገር ነው የቆረጠው? ጠርዙ ሁሉ ጥርስ ጥርስ ነው» አለ።

እትዬ፣ ጡረታ የወጣሽ ጊዜ ያመጣሁልሽን መቀስ ታስታውሻለሽ? ጨርቅ እንዳይተረተር ጠርዙን እንደ መጋዝ ጥርስ እያደረገ የሚቆርጠውን። እኔ ከመቀስ ሌላ ምን ስጦታ አውቃለሁ። «መርፌ ለማትሰካ ሴት ጥርሳም መቀስ ምን ይሠራላታል?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። እኔም እውነትሽን ነው ብዬ ነበር።

ጉራጁን በጣቴ ዳሰስኩት። ጥርሱ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ቀስ ተብሎ፣ በጥንቃቄ፣ መስመር ሳይስት የተቆረጠ። ከየት ጀምሮ እንደተቆረጠም አየሁ። «ከወንበሯ ተነሣችና እጇን ዘርግታ» ከሚለው ቀጥሎ። ከዚያ በፊት አይደለም፣ ከዚያ በኋላም አይደለም።

የመጽሐፍ ጥግ ያጠፈን ልጅ ከክፍል ታስወጪ የነበርሽ ሴት። መጽሐፍ ላይ ሻይ አስቀመጥሽ ብለሽ ሳምንት ያኮረፍሽኝ ሴት። ምን እንደምል አላውቅም። ስለዚህ ምንም አልልም፤ አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትመልሺልኝ። ብቻ ወንበር ፈልጌ ቁጭ አልኩና ሳቅኩ። እያነባሁ ሳቅኩ። ጭምቱ ደንግጦ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«እህቴ መልስ ሰጠችኝ» አልኩት።

«መቼ ጠየቅሻት?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ታዲያ ምን አለች?»

«እሷ ድሮም ባጭሩ ነው የምትወደው» አልኩት።

እሱ ነገሩ ወዲያው አልገባውም። ጉራጁን አየ፣ እኔን አየ፣ የተቀመጥኩበትን ወንበር አየ። ከዚያ ገባው መሰለኝ፣ ጆሮው ድረስ ቀላ። ያንን መንገዱን ሙሉ የተለማመድኩትን ቃል እንኳ ወዴት እንዳደረስኩት አላውቅም፤ ስፈልገው አጣሁት።

ከእነሱ ደግሞ ምን ተደበቀ። አለቃችን ስታየኝ «ሻይ አፈላችለት ወይስ ጫማውን አወለቀ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱም አልኳት። ሳቂታ ነጭ ስስ ጨርቅ አውርዳ ጭንቅላቴ ላይ እየለካች ነው፤ ለመጋረጃ ነው ትለኛለች። መስኮት የሌለው ጭንቅላት ምን መጋረጃ ያስፈልገዋል ብላት አልሰማ አለችኝ።

መጽሐፍሽን በአዲስ ልባስ ልኬልሻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚደርስሽ እሱ ነው። ጀርባው እንደገና ተሰፍቷል፤ ሰፊው እጀ ቀና መሆኑን አንቺው እይው። የጎደለውን አላስሞላሁም። እንዳለ ይቅር፤ አሁን ሳስበው ካነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ ይኼኛው ነው ያማረው። አልወደድኩትም ያልኩሽ ሙሉውን ነው።

ስለ ሙሉው ጉድ ደግሞ ስሚ። ጭምቱ በቀደም ወደ እኛ ቤት ብቅ አለና «ጥርሳሙን መቀስ አውሱኝ» አለ። ምን ልታደርግበት ብንለው አልተናገረም። እየሠራ ያለው ደገፍ ያለው ሰፊ ወንበር ነው፤ ጉልበት ለሚያማት ሴት እንዲመች ከፍ ያለ፣ ክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ሰማያዊ፣ የምትወጂው ሰማያዊ። ማታ ከሥራ ስወጣ እያለፍኩ አየሁት። ጥጡን ሞልቶ ከመስፋቱ በፊት ከሙሉው መጽሐፍ የቆረጣቸውን የመጨረሻ ገጾች አጣጥፎ መሐሉ ከተታቸው። ዕብነ በረዱም፣ ሻማውም፣ ሁሉም እዚያ ገባ። ከዚያ ላዩን ሰፍቶ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ስለዚህ ኑሪልኝና ነይልኝ። ቅባትሽን ተቀቢና ነይ። ዝናቡ ሳይጀምር ነይ፤ ቀኑን አንቺ ቁረጪ፣ መቁረጥ ታውቂበታለሽ። ወንበርሽ በሩ አጠገብ ይጠብቅሻል። ስትመጪ ደህና አድርገሽ ተቀመጪበት፤ ሙሉ ክብደትሽን ጣይበት።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ እሱን እንኳ ባጭሩ አያድርግብኝ። ያሳደገኝ እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ መነጽሩን አይጣ፣ ደጅሽ እንግዳ አይጣ። ከግድግዳ ማዶ የነበረው ሰውም እጅ ይነሣል፤ ግድግዳው ለጊዜው እንዳለ ነው፣ አለቃችን ግን በር ይውጣለት እያለች ነው።

ከወንበሯ ተነሥታ እጇን የዘረጋችው
ታናሽ እህትሽ